ከጣሊያን ክፍል ጋር የጀመርነው መጻጻፍ ጦርነቱ ላይ ደረሰ፣ ልቀጥል ወይስ ላቁመው?

የደብረሲናዋ_ቲቸር፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ደብረ ሲና አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ነው የማስተምረው። እዚህ ብዙ መምህራን እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው ላማክራችሁ የመጣሁት፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

አምና በኦንላይን የመምህራን ስልጠና ላይ ጣሊያን ሀገር ከምታስተምር ሴትዮ ጋ ተዋወቅን እና የሷን ክፍል ከኔ አስረኛ ክፍል ጋ እናገናኝ ተባባልን። ግሎባል ኢዱኬሽን ምናምን የሚሉት ነገር ነው፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይጻጻፋሉ፣ አንዳንዴ ኔትወርክ ከፈቀደ በቪዲዮ ይተያያሉ። እንግሊዝኛ ለነሱም የተማሩት ቋንቋ ስለሆነ የኔ ልጆች እንደ ሌላ ጊዜ አልተሸማቀቁም፣ እንደውም አንዷ «ቲቸር የሷ ግራመር ከኔ ይብሳል» ብላኝ ስቄ ልሞት። መጀመሪያ ላይ የተላላኩት የሚጠበቀውን ነው፣ የኛዎቹ ቆሎ ሲቆላ ቡና ሲፈላ የገና ጨዋታ፣ የነሱዎቹ ድመት ብስክሌት የአያታቸው ፓስታ። ዳይሬክተሩም ደስ ብሎት ሰልፍ ላይ አስጨበጨበልን።

ከዛ አንዱ ልጅ ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ያነሳውን የመኪና መንገዱን ዋሻ ፎቶ ላከ። በጣም የሚያምር ፎቶ ነው። አንዲት ጣሊያናዊት ልጅ «ዋው እንዴት ያምራል ማን ነው የሰራው?» ብላ ጠየቀች። እኔ ሳላየው የኔ ተማሪ እንዲህ ብሎ መለሰላት፦ «የናንተ ሰዎች ናቸው ያሰሩት። ቅድመ አያቴ ድንጋይ ተሸክሞበታል። ወንድሙን ደግሞ ገድላችሁታል።»

ከዛ ዝም። የተለመደው የፎቶ መአት ሁሉ ቆመ። እኔም ምን ብዬ እንደምጽፍ ግራ ገባኝ። በኋላ መምህሯ ረጅም ኢሜይል ጻፈችልኝ፣ ልጆቿ አብዛኞቹ ሀገራቸው ኢትዮጵያን እንደወረረች እንኳን አያውቁም ነበር፣ ቤታቸው ሄደው ሲጠይቁ አንዳንዱ ወላጅ «መንገድ ሰርተንላቸዋል» ብሎ መልሷል፣ አንዷ ልጅ አልቅሳለች። አሁን መምህሯ የምትለው ሁለቱ ክፍሎች ይሄን ታሪክ አንድ ላይ ይማሩት ነው።

ዳይሬክተሩ ደግሞ «ወዳጅነት ብለን የጀመርነውን ፖለቲካ አናድርገው፣ ባህሉ ላይ ቆዩ» አለኝ። ከወላጅም አንድ አባት መጥቶ ጥሩ ነው ይንገሯቸው አለ፣ ሌላዋ እናት ደግሞ ልጄ ቂም እንዲማር አልላክሁትም አለች። እኔ መሀል ላይ ነኝ። የታሪክ መምህር አይደለሁም። ብንቀጥል እንዴት አድርገን ነው ልጆቹ ሳይሰዳደቡ ደግሞም ሳንሸፋፍነው የምናስተምረው? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።


ሽሮሜዳ_ቦይ፦

አድዋን ላኪላቸውና ዝጊው ሃሃሃ። ስኮላርሺፕ ካለው ግን እኔም አስረኛ ክፍል ተመልሼ እመዘገባለሁ።


ጡረተኛው_መምህር፦

ልጄ፣ ቀጥይ። ምክንያቴን ልንገርሽ።

እኛ ደብረ ብርሃን ስንማር ይሄ ዛሬ ግሎባል ኢዱኬሽን የምትሉት ነገር ስም አልነበረውም እንጂ ነበረ። ሒሳብ የሚያስተምረን ህንዳዊ ነበር፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ፒስ ኮር፣ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኛ ማለት ነው። ፒስ ኮሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1955 መጀመሪያ ላይ ነው፣ ብዙዎቹ በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ለአስተማሪነት ተበተኑ፣ ገና ከኮሌጅ የወጡ ልጆች ናቸው፣ የደብረ ብርሃን ብርድ አናታቸውን ሲመታቸው ባና ተከናንበው ነው የሚያርሙልን። ያኔ አሜሪካን ሀገር ጥቁሮች በውሻና በውሃ ይባረሩ የነበረበት ሰአት ነው፣ እኛ ከሬዲዮ ሰምተናል። አንዱ ጓደኛችን ተነሳና «እዚህ መጥተህ እኛን ጥቁሮቹን ታስተምራለህ፣ ሀገርህ ያሉትን ለምን ታስነክሳላችሁ?» አለው። ክፍሉ ደረቀ። በዛ ዘመን አስተማሪ እንዲህ አይጠየቅም፣ አለንጋ ነው መልሱ። ሰውየው ፊቱ ቀላ፣ ሰሌዳውን አጠፋና ቁጭ አለ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ከሀገሩ የሚላክለትን መጽሔት ይዞ መጣ፣ ፎቶዎቹን እያዞረ አሳየን፣ አጎቱ የጥቁሮችን መብት ከሚከለክሉት ወገን መሆኑን ሳይቀር ነገረን። እኛም ስለ ባሪያ ንግድ በራሳችን ሀገር ምን እንደምናውቅ ጠየቀን። ያ ደግሞ ለኛ ደስ የሚል አልነበረም። ባርያ የነበራቸው ሰዎች የልጅ ልጆች እዛው ክፍል ውስጥ ተቀምጠናላ።

ከዛ ሰውዬ የተማርኩትን ሰዋስው ዛሬ ከነመኖሩም አላስታውሰው፣ ያንን ክፍለ ጊዜ ግን ወንበሩን ጭምር አስታውሰዋለሁ። ልጁን እንዳትቆጪው አደራሽን። ልጁ የጻፈው ቃሉ ሻካራ ነው፣ ነገሩ ግን ቤቱ የሰማው ነው። አንድ ነገር ብቻ አስተካክይለት፣ «ገደላችሁት» የሚለውን። የዛሬዋ የአስራ ስድስት አመት ልጅ ማንንም አልገደለችም።


ቆለኛው፦

ጋሼ እርስዎ የሚጽፉትን ስብስብ አድርገው ቢያሳትሙት። እኔ ግን አንድ ልጠይቅ፣ ያ ፈረንጅ ክፍል ውስጥ ብቻውን ነው፣ እናንተ ብዙ ናችሁ። ይሄኛው ላይ ሁለቱም ክፍል ነው። አንዱ ክፍል ከሳሽ ሌላው ተከሳሽ ሆኖ ስክሪን ላይ ሲተያይ አያስፈራም?


ሌክቸረር_ደብ፦

@ቆለኛው ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ለቲቸርም መልስ የሚሆን ይመስለኛል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳይኮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ያለኝን ልበል።

ሰዎችን ማገናኘት ብቻውን መግባባትን አያመጣም። ይሄን በ1954 በፈረንጅ ጎርደን ኦልፖርት የሚባል አሜሪካዊ በደንብ አስቀምጦታል። መገናኘቱ ጥላቻን የሚቀንሰው ሁለቱ ወገኖች እዛ ግንኙነት ውስጥ እኩል ከሆኑ፣ የጋራ ግብ ካላቸው፣ ግቡ ላይ ለመድረስ መተባበር ግድ ከሆነባቸው፣ ከላይ ያለው አካል ደግሞ ከደገፋቸው ነው አለ። ከሱ በኋላ ብዙ ተጠንቷል፣ አራቱም ባይሟሉ እንኳን ግንኙነት እንደሚረዳ ታይቷል፣ ግን ሲሟሉ ውጤቱ ይሻላል። አሁን የቲቸርን ነገር በዚህ እዩት፣ ቆሎና ፓስታ መላላኩ ጥሩ ነው ግን የጋራ ስራ የለውም፣ አንዱ ያሳያል ሌላው ላይክ ያደርጋል። ቪዲዮ ላይ ፊት ለፊት አስቀምጦ ማከራከር ደግሞ ቆለኛው እንዳለው ችሎት ነው የሚሆነው።

መሀሉ ያለው መንገድ ጂግሶው የሚሉት ነው። ኤሊየት አሮንሰን የሚባል ሳይኮሎጂስት በ1971 በፈረንጅ ቴክሳስ ኦስቲን ውስጥ የጀመረው ነው፣ ነጭና ጥቁር እና የሜክሲኮ ተወላጅ ልጆች ገና አንድ ክፍል ውስጥ ተደባልቀው ጸቡ ሲያይል። አሰራሩ ቀላል ነው። ትምህርቱን ትቆራርጪና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቁራጭ ብቻ ትሰጫለሽ፣ ሙሉውን ለማወቅ የቡድኑ ልጅ የያዘውን መስማት ግድ ነው፣ ስለዚህ የማትወጂው ልጅ እንኳን ሲናገር ጆሮሽን ትሰጫለሽ። ላንቺ ስራ ሶስት የኛ ሶስት የነሱ ልጅ ያለበት ቡድን ስሪ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሰነድ ስጪ። ሀገር ከሀገር ሳይሆን ቡድን ከጥያቄ ጋ ይፋጠጥ።

ምን ሰነድ ካልሽኝ፦ ደብረ ሊባኖስ አለ፣ ፍቼ በኩል ባለው ሰሜን ሸዋ፣ በግንቦት 1929 በኛ፣ የግራዚያኒ የራሱ ቴሌግራም 297 መነኮሳት አስረሽኜአለሁ ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፣ በኋላ ያጠኑት ሰዎች ቁጥሩን ከዛ በጣም ከፍ ያደርጉታል። ይሄ ለማስተማር ወርቅ ነው ምክንያቱም ማስረጃው የገዳዩ ወረቀት ነው፣ ለምን ቁጥሩ ይለያያል ብለው ልጆቹ ራሳቸው ይጨቃጨቁበት። ሁለተኛ ጦርነቱ ላይ የለቀቁት የመርዝ ጋዝ። ጣሊያን ውስጥ ለስልሳ አመት የተካደ ነገር ነው፣ አንጀሎ ዴል ቦካ የሚባለው የራሳቸው ታሪክ ጸሐፊ ሰነድ እያወጣ ሲሞግት ኖረ፣ ሞንታኔሊ የሚባለው በጦርነቱ የነበረ ታዋቂ ጋዜጠኛ ደግሞ የለም አላየሁም ይል ነበር፣ በመጨረሻ በ1996 በነሱ አቆጣጠር የመከላከያ ሚኒስትራቸው በይፋ አመነ፣ ሞንታኔሊም ተቀበለ። ሶስተኛ ኢሊዮ ባሮንቲኒ፣ ፋሺስቶችን ሽሽት የተሰደደ ጣሊያናዊ ኮሚኒስት ነው፣ በ1931 በኛ አካባቢ ጎጃም ገብቶ ከኛ አርበኞች ጋ ሆኖ የራሱን ሀገር ጦር ታግሏል። የነሱ ልጆች ከሞሶሎኒ ውጪ ሌላ ቅድመ አያት እንዳላቸው ማየት አለባቸው፣ የኛዎቹም ጠላት የሚሉት ማን እንደነበረ በደንብ ይለያሉ።

እና ይሄ አዲስ ሙከራ አይደለም። ጀርመንና ፈረንሳይ በሰባ አመት ውስጥ ሶስቴ የተላለቁ ሀገሮች ናቸው፣ በ1963 በፈረንጅ የወጣቶች ቢሮ አቋቋሙ፣ ከ9 ሚሊዮን በላይ ወጣት ተለዋውጠዋል። በ2003 ወጣቶቻቸው አንድ ላይ ተሰብስበው የጋራ የታሪክ መጽሐፍ ይጻፍልን አሉ፣ በ2006 የመጀመሪያው ቅጽ ወጣ፣ ይዘቱ አንድ ሆኖ በሁለት ቋንቋ። አርባ አመት ከተለዋወጡ በኋላ መሆኑን ግን ልብ በሉ። ዳይሬክተሩ ፖለቲካ ነው ካለሽ ደግሞ ዩኔስኮ በ1974 በፈረንጅ ያወጣው ስለ ዓለም አቀፍ መግባባትና ሰላም ትምህርት የሚለው ምክረ ሀሳብ አለ፣ በኅዳር 2016 በኛ ታድሶ ጸድቋል፣ አባል ሀገሮች በሙሉ የተስማሙበት ነው፣ ፕሪንት አድርገሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት። ወረቀት ላይ ማህተም ያለበት ነገር ዳይሬክተር ያረጋጋል።


የመንዝ_አርበኛ_ልጅ፦

ሁላችሁም ጥሩ ተናገራችሁ ግን እኔ አልተዋጠልኝም። ይሄ ኦልፖርት ምናምን የምትሉት ሁለት እኩል ሰዎችን ነው የሚያስታርቀው። እዚህ እኩል የት አለ? ዘረትን የማያውቅ ካለ ልንገረው። መንዝ ውስጥ ነው። በ1931 ሚያዝያ ላይ አርበኞች ከነቤተሰባቸው ከነቁስለኛቸው ከነከብታቸው ዋሻ ገብተው ነበር፣ ጣሊያን ዋሻው አፍ ላይ ቆሞ የመርዝ ጋዝ ለቀቀበት፣ እጁን ሰጥቶ የወጣውን ወንድ ገደል አፋፍ ላይ አሰልፎ በመትረየስ ፈጀው። በብዙ መቶ ነው። አጥንቱ እዛው ነው ያለው። ይሄን አለም ያወቀው በቅርብ ነው፣ ለዛውም አንድ ጣሊያናዊ ተመራማሪ የሀገሩን መዝገብ ቤት ቆፍሮ ዋሻው ድረስ መጥቶ ነው፣ እኛ ግን ቤታችን ለቅሶ ላይ ሲነሳ ነው የኖረው።

እና አሁን የአስራ ስድስት አመት ልጅ ለአስራ ስድስት አመት ልጅ ኢሞጂ እየላከ ይሄ ያልቃል? መጀመሪያ መንግስታቸው ይቅርታ ይጠይቅ፣ ካሳ ይነጋገር፣ ከዛ ልጆቹ ይጻጻፉ። በ2004 በኛ አፊሌ የሚባል ከተማቸው ላይ ለግራዚያኒ ሀውልት የሰሩ ሰዎች ናቸው እኮ፣ ለደብረ ሊባኖስ ገዳይ! ስለ ባህል ልውውጥ የምታወሩት እዛ ሀውልት ጥላ ስር ሆናችሁ ነው። ቲቸር እህቴ አንቺን አይደለም የምወቅሰው፣ ልብሽ ጥሩ ነው።


ሚላኖ_ያለሁ፦

ወንድሜ የመንዝ ልጅ ንዴትህ ይገባኛል፣ እኔም ከአለም ከተማ ነኝ አያቴ የጣሊያን ጥይት ባታቸው ውስጥ ይዘው ነው የሞቱት። ግን እዚህ አስራ ምናምን አመት ኖሬያለሁ አሮጊት ነው የምጠብቀው እና ያየሁትን ልንገርህ። የአፊሌን ሀውልት የሰሩትን ከንቲባውንና ሌሎቹን እዚሁ ሀገር ፍርድ ቤት ያቆሟቸው ጣሊያኖች ናቸው፣ በ2017 በነሱ አቆጣጠር ተፈረደባቸው ከዛ ይግባኝ ምናምን ሄደ። ሌክቸረሩ ያነሳው ሞንታኔሊ እዚህ ሚላኖ መሀል ከተማ ፓርክ ውስጥ ሀውልት አለው ፓርኩም በስሙ ነው የሚጠራው፣ በወረራው ጊዜ የአስራ ሁለት አመት ኤርትራዊት ልጅ ገዝቶ ሚስት አርጎ እንደነበር ራሱ ቴሌቪዥን ላይ አውርቷል፣ በ2020 ወጣቶች ሀውልቱን በቀይ ቀለም ነከሩት። ያን ቀን ስራ ልገባ ሳልፍ አየሁት ፖሊስ ከቦታል አንዲት ትልቅ ሴትዮ ከነውሻዋ ቆማ «ምን አጠፋ» ስትል አንዱ ወጣት ቁጭ ብሎ ያስረዳታል፣ እኔ በመሀላቸው ሾልኬ ሄድኩ፣ አንድም ሰው አንቺስ ምን ትያለሽ ብሎ አልጠየቀኝም ሃሃ።

ልል የፈለግኩት እዚህ ሁለት ጣሊያን አለ፣ እርስ በርሱ የሚከራከር። የኛ ልጆች ዝም ካሉ ክርክሩ ያለኛ ነው የሚካሄደው።

ልጄ እዚህ ነው የምትማረው፣ መጽሐፏ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ያለው ትንሽ ነው፣ ስለ ኢምፓየርና ማእቀብ ያወራና ያልፋል። ልጆቹ ክፉ ሆነው አይደለም የማያውቁት ማንም አልነገራቸውም። እና ቲቸር አንድ ሀሳብ ልስጥሽ፣ ጣሊያን ውስጥ በየከተማው በኛ ሀገር ቦታ የተሰየመ መንገድ አለ፣ አዱዋ፣ አዲስ አበባ፣ መቀሌ፣ አምባ አላጌ። ከነዛ ልጆች ውስጥ አንዱ መንገዱ ላይ ሊኖር ሁሉ ይችላል። የነሱ የቤት ስራ ከተማቸውን ዞረው እንደዚህ አይነት ስም መፈለግ፣ ፎቶ ማንሳት፣ የሚኖሩበትን ሰዎች ስሙ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ ወይ ብለው መጠየቅ ይሁን። የናንተ ደግሞ ዋሻውን፣ መንገዱን፣ ሽማግሌዎቹን። ሁለቱም ከደጃፋቸው ይጀምራሉ ማንም ተከሳሽ ወንበር ላይ አይቀመጥም።


የመንዝ_አርበኛ_ልጅ፦

ፍርድ ቤት መቆማቸውን አልሰማሁም ነበር። አመሰግናለሁ እህቴ። ይቅርታው ላይ ግን አልለወጥም።

ለቲቸር፦ ልጆችሽ ሽማግሌ የሚጠይቁ ከሆነ ቶሎ በይ። ያኔ ስድስት ሰባት አመት የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠና አልፎታል። አንድ የማውቃቸው እናት አሉ፣ ልጆቻቸው ፈቃደኛ ናቸው፣ በውስጥ መስመር አናግሪኝ። ሲጠየቁ የሚሉት ሁሉ አንድ አይነት እንዳይመስልሽ ደግሞ፣ እሳቸው ስለ ጋዙም ይናገራሉ፣ ልጅ ሆነው ከረሜላ ስለሰጣቸው ወታደርም ይናገራሉ። እኔ ሁለተኛውን ባይናገሩት እመርጥ ነበር ግን ይናገሩታል ምን ላርግ።


እናት_ነኝ፦

ሁላችሁም ትልቅ ትልቁን ነው የምታወሩት፣ እኔ የወላጅ ነገር ልበል። የሴት ልጄ ፎቶ እንዲሁ በቪዲዮ ሲበተን ማን ፈቀደ? የኛም ትምህርት ቤት እንዲህ አይነት ነገር ተጀምሮ ልጄ ያላወቀችው ሰው ጓደኛ ልሁንሽ ብሎ በቴሌግራም ጻፈላት። ቲቸር ግሩፑ በመምህራኑ እጅ ይሁን፣ ልጆቹ የግል ስልክ ቁጥር አይለዋወጡ፣ ወላጅ ፈርሞ ይስማማ። በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ፣ በእንግሊዝኛ ልካችሁ እንዳታስፈርሙን። ልጄ ቂም እንዳይማር ያለችው እናት ደግሞ እውነቷን ነው፣ እሷንም ጠርተሽ አስቀምጫት፣ ልጆቹ ሲማሩ ኋላ ወንበር ትቀመጥ።


አልዩአምቤ፦

እኔ የምለው ለየት ይላል ምናልባት አትወዱት። አለምን ከመተዋወቅ በፊት ከገደሉ ስር ያለነውን ብታውቁን። እኔ አልዩ አምባ ነው ያደግኩት አርጎባ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን ስማር ክፍሌ ውስጥ ያሉ ልጆች አርጎባ የራሱ ቋንቋ እንዳለው የሚያውቅ አልነበረም፣ ረመዳን ሲሆን «ውሃ እንኳን አትጠጣም?» እያለ በየአመቱ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ልጅ ነበር ሃሃ። አልዩ አምባ እኮ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ከታጁራ የሚመጣው ቅፍለት የሚራገፍበት ገበያ ነበር፣ አፋሩ አሞሌ ይዞ፣ ሐረሬው ጨርቅ ይዞ፣ ደገኛው እህልና በቅሎ ይዞ ይገናኝበታል። በ1841 በፈረንጅ የእንግሊዙ ሻለቃ ሃሪስ ከነጭፍራው በዛ በኩል ነው ወደ አንኮበር ንጉሡ ጋ የወጣው ስምምነትም ተፈራርሟል። ግሎባል ድሮ የነበርነው እኛ ነን። በእኛው ዞን ባለፉት አመታት ጎረቤት ከጎረቤት የሆነውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱን ማን ያስተምራል? የጣሊያኑ ይቀላል ምክንያቱም ሩቅ ነው።


ሌክቸረር_ደብ፦

@አልዩአምቤ የመጨረሻው አረፍተ ነገርህ እውነት ነው፣ መልስ የለኝም። ግን የጣሊያኑ ስለሚቀል እኮ ነው ከሱ መጀመር የሚቻለው። ምስክር መጠየቅ፣ ሁለት የማይገጥም ታሪክ ጎን ለጎን ማስቀመጥ፣ «እናንተ» ከማለት በፊት ማን እንደሆነ መለየት፣ ይሄን ሁሉ ልጅ ቁስሉ ቀዝቀዝ ያለበት ቦታ ላይ ቢለማመድ ትኩሱ ላይ ሲደርስ እጁ አይንቀጠቀጥም። በተቃራኒው ማድረግ ይቻላል የሚል ካለ እኔ መምጣትና ማየት እፈልጋለሁ።


አልዩአምቤ፦

ትለማመዳላችሁ ትለማመዳላችሁ ከዛ ትኩሱ ጋ ሳትደርሱ ፕሮጀክቱ ያልቃል። አየነው እኮ። ግን እሺ፣ ቲቸር ልጆቹን ይዘሽ ወደኛ ብትወርጂ ምሳ በኔ።


ቆለኛው፦

ምሳውን እኔም ሰምቻለሁ።


የደብረሲናዋ_ቲቸር፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ይመለሳል ብዬ አልጠበቅኩም። ዛሬ ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁ። የዩኔስኮውን ወረቀት አሳየሁት፣ ሌክቸረር እንዳልከው ቶሎ ነው ፊቱ የተፈታው፣ አንድ ኮፒ ለወረዳ ትምህርት ጽ/ቤት አስገቢ አለኝ እሱን አስገባለሁ። ያሰመረበት ነገር የሰው ሬሳ የሚያሳይ ፎቶ እንዳይኖር ነው፣ እሱ ላይ እኔም ተስማምቻለሁ፣ አስረኛ ክፍል ናቸው።

የወሰንኩት እንዲህ ነው። የሚላኖዋ እህቴ ያለችውን የመንገድ ስም ፍለጋ ለመምህሯ ጻፍኩላት፣ እዛው በዛው መለሰችልኝ፣ ትምህርት ቤታቸው አጠገብ ራሱ አንድ አዱዋ መንገድ አለ፣ በየቀኑ ታልፍበታለች፣ ከኛ ሀገር ቦታ ጋ አገናኝታው አታውቅም። የኛዎቹ በቡድን በቡድን ሆነው ዋሻውን ይሄዳሉ ሽማግሌ ይጠይቃሉ። ጋሼ፣ ልጁን አልተቆጣሁትም፣ ይልቅ ቅድመ አያቱ ምን ተከፈላቸው፣ በግድ ነው ወይስ በቅጥር ነው የሰሩት ብሎ ቤቱን እንዲጠይቅ ላክሁት። አያቱ «ተከፍሎታል፣ በጣሊያን ገንዘብ፣ በሬም ገዝቶበታል» አሉት። ልጁ ተናዶ ነው የመጣው። ይሄን ልጽፍላቸው ወይስ ልተወው ብሎ ጠየቀኝ፣ ወንድሙ መገደሉስ አልኩት፣ እሱም እውነት ነው አለ። ሁለቱንም ጻፈው አልኩት፣ እስካሁን አልጻፈውም፣ ደብተሩን ይዞ ይዞራል። የመንዝ ወንድሜ ከረሜላ የሰጠው ወታደር ያልከው ትዝ አለኝ።

አልዩአምቤ ምሳህን ተቀብያለሁ፣ ከፈተና በኋላ፣ መኪና ማግኘት ነው ችግሩ። እናት ነኝ፣ የፈቃድ ወረቀቱን በአማርኛ አዘጋጅቼ ልልክልሽ ነው፣ የጎደለ ካለ ጨምሪበት። ያቺ እናት ኋላ ወንበር ለመቀመጥ እሺ ብላለች፣ ቡና ካለ ብላ።

አንድ የቀረኝ የቪዲዮው ቀን ነው። እነሱ ጠዋት 10 ሰአት ብለዋል።


ሚላኖ_ያለሁ፦

በነሱ 10 ማለት አሁን በክረምታቸው ናንተ ጋ ቀን ስድስት ሰአት ነው፣ ሁለት ሰአት ነው ልዩነቱ። በማርች መጨረሻ እሁድ ግን ሰአታቸውን አንድ ወደፊት ይገፋሉ፣ ከዛ በኋላ ያው 10 ናንተ ጋ አምስት ሰአት ይሆናል። ቀኑ ከማርች በኋላ ከሆነ ሁለቱንም ጽፈሽ ላኪላቸው፣ በነሱም በኛም፣ እኔ እናቴ ጋ ስደውል እስከዛሬ እየተምታታብኝ ነው።


ቆለኛው፦

መብራት ከሄደስ?


የደብረሲናዋ_ቲቸር፦

ለሱ የአይሲቲው ልጅ ላፕቶፑን ማታ ሞልቶ ያሳድራል፣ ኢንተርኔቱን ከኔ ስልክ። ከዛ ያለው የእግዜር ነው።